ስህን ስትለካው ብቻ

ወንዱ የሚባል ሰው ደም ግፊቱ ከፍ የሚለው ስህን ስትለካው ብቻ ነው እያልን ስንሳሳቅ ከረምን። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ቀልዱን የጀመርሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ግማሹን እንደ ምስክርነት፣ ግማሹን እንደ ተውበት፣ እንደ ንስሐ አድርጋችሁ ስሙኝ።

መስኡዳ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ስህን ደግሞ የክፍላችን ኃላፊ ናት። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የአምባሰል ልጅ፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። እናቷ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ሲቀሩ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያገላበጠቻቸው እሷ ናት። ለካ ሴትዮዋ ግፊት ነበረባቸው፤ በሕይወታቸው አንድ ቀን የለካቸው ሰው ግን አልነበረም። እናቷን ስታስታምም የራሷ ወግ ማዕረግ አለፋት። «ባል አታገቢም ወይ?» ሲሏት «ጊዜ የለኝም» ትላለች እንጂ «አልፈልግም» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ከአርባ እስከ ስልሳ አራት ዓመት የሆናቸውን ሁሉ ሳይታመሙ በፊት እንመርምር የሚለው ሐሳብ የሷ ነው። በገበያ ቀን ከገበያው ዳር ሸራ ወጥረን፣ ጠረጴዛና ሚዛን አስቀምጠን ቁጭ አልን። ግፊት እንለካለን፣ ከጣት ጫፍ ደም ወስደን ስኳር እናያለን፣ እንመዝናለን፤ ስለ ጨው፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ጫትና ስለ አረቄ እንጠይቃለን። በመጀመሪያው ቀን አላፊ አግዳሚው ሁሉ «እኔ ደህና ነኝ» እያለ አለፈን። ስህን ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች መንገዱ መሃል ወጥታ ቆመች።

«እኔም የምፈልገው ደህናውን ነው! የታመመውንማ ጎረቤትም ያውቀዋል» እያለች አንድ በአንድ ታስገባቸው ጀመር።

በግ ሻጩ በጉን እየጎተተ ገባ። የመስጊዱ ሽማግሌ ገቡ፤ እሳቸውን አይተው ቄሱ ገቡ። አመሻሽ ላይ ሰልፉ መንገድ ዘግቶ ባጃጆች ይጮኹብን ነበር። ስንት ሰው ከዚያች ሸራ ሥር ራሱን አውቆ እንደወጣ እኔ ነኝ የማውቀው። እንዲህ ያለች ሴት አላየሁም፤ የማንንም ክንድ ስትይዝ የእናቷን ክንድ የያዘች ይመስላታል።

ከሁሉ ያስቸገረን ወገብ መለካት ነበር። ቦርጭ ስለ ልብ ብዙ ይናገራል፤ ታዲያ በሐይቅ ገበያ መሃል ሴት ልጅ የሰው ባል አቅፋ ሜትር ስታዞር ምን ይባላል? ስህን መላ አመጣች። ሰውየው የሜትሩን ጫፍ እምብርቱ ላይ ራሱ ይይዛል። እሷ ሌላውን ጫፍ ይዛ አንድ ክንድ ርቃ ትቆማለች። «ዙር» ስትለው ባለበት ሜትሩ ላይ እየተጠቀለለ ይዞራል፤ ዞሮ ሲጨርስ ፊት ለፊቷ ይደርሳል፤ ቁጥሩን አንብባ ትለቀዋለች። ማንም ማንንም አይነካም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ወደዱት፤ ልጆች እንኳ «ዙር! ዙር!» እያሉ ይጫወቱበት ነበር።

ወንዱ የመጣው በሦስተኛው ገበያ ነው። ዓሣ አስጋሪ ነው፤ አርባ ሰባት ዓመቱ፤ ሚስቱ ከሞተችበት ስምንት ዓመት ሆኖታል። እጁን በሳሙና አሽቶ አሽቶ ታጥቦ ነው የገባው፤ ሆኖም የዓሣው ሽታ አለቀቀውም፤ እሱም ያውቃል፤ ራቅ ብሎ ቆመ። ቀጭን ነው። ሲቀዝፍ የሚውል ሰው ግፊት አለበት ብሎ ማን ይጠረጥራል? ግፊት የባለ ሱቅና የባለ ቦርጭ በሽታ ነው ይባል የለም እንዴ።

«ስለካዎት አይናገሩ» አለችው ስህን፣ የክንዱን ማሰሪያ እየጠመጠመች።

አልተናገረም። በአምባሰል ቅኝት ማንጎራጎር ጀመረ።

«ማንጎራጎርም አይቻልም።»

«የአምባሰል ልጅ ሆነሽ አምባሰልን ትከለክያለሽ ሲስተር?»

ከየት መሆኗን ማን እንደነገረው እግዜር ይወቅ። ስህን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ለካችው። መቶ ስልሳ ሁለት በዘጠና ስምንት። አሳርፋ ደገመችው፤ ያው ነው። ቅር አላት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ይኸን ጊዜ ነው እኔ ምላሴን ያላሰርሁት።

«አብሽሪ ሲስተር» አልኳት፣ ሰልፈኛው እየሰማ። «ግፊትም አይደል። ልቡ አንቺን አይቶ ደንግጦ ነው። ሌላ ሰው ቢለካው ወላሂ ልክ ይመጣል።»

«እውነቷን ነው» አለ ወንዱ። የሚቀልድ አይመስልም። ስህንን ቀጥ ብሎ አያት፤ እሷም ከሚገባው በላይ አየችው። ከዚያ መዝገቡ ላይ አቀርቅራ «ይደገም» ብላ ጻፈች። ወገቡን ስትለካው «ይዙሩ» አለችው፤ ዞሮ ፊቷ ሲደርስ ቁጥሩን ለማንበብ የወሰደባት ጊዜ አምስት ሰው ያስለካ ነበር።

«ይደገም» ማለቷ ስህተት አልነበረም። ነርስ ሲያይ ግፊቱ የሚጨምር ሰው አለ፤ ሌላ ቀን ደግሞ መለካት ደንብ ነው። ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንዱ በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ይመጣል፤ ስህን ትለካዋለች፤ ከፍ ይላል፤ ትጽፋለች፤ «ይደገም»። እሷ በሌለችበት ቀን ከመጣ ማሰሪያውን ሳወጣ እጁን ወደ ኋላ ይደብቃል።

«አይሆንም መስኡዳ። አንቺ ከለካሽኝማ ደህና ነህ እባላለሁ። ደህና ከተባልሁ ቀጠሮዬ ይቀራል።»

እስቃለሁ። አይ ሞኝነቴ!

በሦስተኛው ሳምንት «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆነ። የቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ደግሞ የማንም መሥሪያ ቤት ካርድ ላይ ተጽፎ የማያውቅ ነገር ይጻፍበት ጀመር። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ አግኝቼ አነበብሁት፤ ኃጢአቱ የኔ ነው። ስህን «ጨው ቀንስ» ብላለች። ከሥሩ በእሱ ጠማማ ጽሑፍ፦ «ጨው ቀነስሁ። ሲጋራውን ግን አልቻልሁም። ሐይቁ መሃል ብቻዬን ስሆን የሚያጫውተኝ እሱ ነው። ሌላ የሚያጫውት ካለ እተወዋለሁ።» ከዚህ ሥር ስህን ለብዙ ጊዜ አስባበት መሰለኝ፣ ብዕሩ ሁለት ቦታ ነጥብ ጥሏል፦ «የሚያጫውት አይጠፋም።» ከዚያ ቀኑን ጽፋለች። ካርዱን እንዳነበብሁት እንዳይታወቅብኝ መልሼ ገለበጥሁት፤ ቀኑን ሙሉ ግን ለራሴ ፈገግ ስል ዋልሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ሐይቅ ላይ ተጀምሮ ውጫሌ ሳይሰማ አያድርም። አምስተኛው ልኬት ባለፈ በሳምንቱ የስህን ታላቅ ወንድም አንዳርጋቸው ከውጫሌ ሚኒባስ ተሳፍሮ መጣ። የቢሮ ኃላፊ ነው፣ የተከበረ፣ ደግ ሰው። ስህንን ከፍሎ ያስተማራት እሱ ነው። ክፍላችን ገብቶ ተቀመጠ፤ እኔ ልወጣ ስል ስህን በዓይኗ አስቀረችኝ።

«አባታችን ስማቸውን ነው ትተውልን የሄዱ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዲግሪ የያዘች እህቴ ለዓሣ አስጋሪ ልትዳር ነው ብለው ነገሩኝ። እኔ ምን ብዬ እመልስ? አንቺ ንገሪኝ።»

ስህን፣ በገበያ መሃል መንገድ የምትዘጋዋ ሴት፣ በወንድሟ ፊት ጣቷን ታፍተለትል ጀመር። ቀና ብላ መልሳለት አታውቅም።

«ምንም የለም፣ አያ» አለች በመጨረሻ። «እሱ በሽተኛዬ ነው።»

ዞር ስል ወንዱ በሩ ላይ ቆሟል። ቀጠሮው የዚያን ቀን ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ስህንን አያት፤ ካርዱን በረንዳው አግዳሚ ላይ ቀስ ብሎ አስቀምጦ ሄደ። ስህን አላየችውም ነበር፤ ካርዱን ስሰጣት ግን ሁሉም ገባት። 

በሚቀጥለው ሳምንት ወንዱ አልመጣም። በማግሥቱ አንድ የባጃጅ ሾፌር የታጠፈ ወረቀት አምጥቶ ሰጠን።

«ሲስተር ስህን፤ እኔ ለግፊቴ ብዬ መጥቼ አላውቅም። በሽተኛሽ ብቻ ከሆንሁ ደህና ነኝ፣ አትድከሚ። ቀጠሮዬን ለሚያስፈልገው ሰው ስጪልኝ። ያስከፋሁሽ ካለ ይቅር በይኝ። ወንዱ።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ሦስት ጊዜ አንብባ ወረቀቱን አጠፈችና «መዝገቡን አምጪልኝ» አለችኝ። የወንዱን ስም እየተከተለች ጣቷን አወረደች። መቶ ስልሳ ሁለት፤ ይደገም። መቶ ስልሳ ስድስት፤ ይደገም። መቶ ስልሳ፤ ይደገም። መቶ ሰባ፤ ይደገም። መቶ ሰባ ሁለት፤ ይደገም። አምስቱም በራሷ እጅ ጽሑፍ።

«መስኡዳ፣ ይህን ሌላ ነርስ ጽፋው ብናገኝ ምን እናደርጋት ነበር?»

መዝገቡን ልዘጋው እጄን ሰደድሁ፤ አልለቀቀችውም።

«ለአያ በሽተኛዬ ነው አልሁት» አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «እሺ፣ በሽተኛዬስ ቢሆን፣ ምን አደረግሁለት?»

«ሲስተር፣ ቀልዱ የኔ ነው…»

«ቀልዱ ያንቺ ነው። ያመንሁት እኔ ነኝ።»

በዚያው ሰዓት ባጃጅ ይዘን ወደ ሐይቁ ወረድን። ወንዱ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ መረብ ይጠግናል። አይቶንም አልተነሣም።

«በሽተኛ ፍለጋ እስከዚህ ድረስ ይመጣል እንዴ ሲስተር?»

ስህን አልተቆጣችም። «መስኡዳ ትለካህ» አለችው። «እኔ እዚያ ማዶ እሄዳለሁ። አላይህም፣ አታየኝም።»

«ለምን?»

«ማወቅ ያለብኝ ነገር ስላለ።»

ያኔ የወንዱ ፊት በራ። ምን እንዳሰበ ወዲያው ገባኝ። እኔ ስለካው ዝቅ ካለ፣ ይህን ሁሉ ሳምንት የተናገረው እውነት መሆኑ ነው፤ ወንድሟም፣ አገሩም፣ እሷም ያውቁታል። ሲጋራውን አጠፋና እጅጌውን ጠቀለለ።

«ለኪኝ» አለኝ። «ልክ ነው የሚመጣ። ያኔ በሽተኛዬ ነው ትበል።»

ሲጋራ ያጨሰ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አይለካም። ቆየን። ስህን ከቄጤማው አልፋ፣ ከዓይናችን ተሰውራ፣ በዚያ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆመች። አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ አላለችም። እኔ «ያ ረቢ ዝቅ አድርገው፣ ያ ረቢ ዝቅ አድርገው» እላለሁ። ሦስታችንም ያን ቀን የለመንነው አንድ ነገር ነበር።

ማሰሪያውን ነፋሁት፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ አየሩን ለቀቅሁ። መቶ ሰባ ስምንት ላይ የልቡ ምት ተሰማኝ። ያለ ቦታው፣ ያለ ጊዜው፣ ጥርት ብሎ። እስከ መቶ ስምንት ድረስ አልጠፋም። አሳረፍሁትና በሌላው ክንዱ ደገምሁ። ያው።

«ስንት ነው?» አለኝ። ፈገግታው ገና አልጠፋም።

ነገርሁት።

ስህን ወደቆመችበት ዞረ። ቄጤማው ደብቋት ነጠላዋ እንኳ አይታይም።

«እሷ እኮ የለችም» አለኝ።

ከዚህ የሚከብድ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ክንዱን ከጉልበቴ ላይ አንሥቶ የውሃውን ዳር ማየት ጀመረ። «አባቴ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር» አለ። «ጀልባው ላይ እንደተቀመጠ ነው ያገኘነው፣ መቅዘፊያውን እንደያዘ። ሐይቁ ወሰደው አሉን። እኛም አመንን።»

ስህንን ጠራኋት። ገና ስትቀርብ ፊቴን አይታ አወቀች። ወንዱ ተነሥቶ ቆመ፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ይቅርታ ሲስተር። አንቺ ነሽ ብዬ በሰው ፊት አስወራሁብሽ፤ ለካ በሽታ ነው። ሀብት የለኝ፣ ትምህርት የለኝ። አየሽ፣ ለአንቺ አለኝ የምለው ያ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱም ያንቺ ሳይሆን ቀረ።»

«ዝም በል!» አለችው። ሰው ላይ ስትጮህ ሰምቻት የማላውቅ ሴት ጮኸች። «ይቅርታ የምጠይቅህ እኔ ነኝ። አምስት ጊዜ ለካሁህ፤ አምስቱንም ለራሴ ወሰድሁት። በአርባ ሦስት ዓመቴ አንድ ሰው ልቡ ደነገጠልኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝ ማየት ያለብኝን አላየሁም። እናቴ የወደቀችው የሚለካት አጥታ ነው። አንተን ግን ወንዱ፣ እየለካሁህ ልገድልህ ነበር!»

እንባዋ ወረደ። አልጠረገችውም። ወንዱ እጁን ዘረጋና የዓሣውን ሽታ አስታውሶ መሰለኝ መለሰው።

«ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛዬ አይደለህም» አለችው።

ተመልሶ ጀልባው ላይ ቁጭ አለ። «እውነትሽን ነው» አለ፣ ድምፁ በቅጡ ሳይሰማ። «ምን ታደርጊ።»

«አልጨረስሁም። ካርድህ ከዛሬ ጀምሮ መስኡዳ ዘንድ ነው። ነገ ጠዋት ሐኪም ያይሃል፤ መድኃኒትህን የምትከታተለው እሷ ናት። ሰው የሚወደውን ሰው በትክክል መለካት አይችልም፤ በራሴ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ሌላ ሰው ይለካህ።» ትንፋሽ ወሰደች። «እኔ ሌላ ነገር ልሁንህ። ካልጠላኸኝ።»

ወንዱ ከጀልባው ላይ ተነሣ። ከዚያ ከኪሱ የሲጋራውን ፓኮ አውጥቶ ለእኔ ዘረጋልኝ። «እንግዲህ የኔ ነርስ አንቺ ከሆንሽ፣ ያዥው» አለኝ፤ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነበር። ፓኮውን ተቀብዬ ወደ ባጃጁ ቀድሜ ሄድሁ። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ለማወቅም ድፍረቱ አልነበረኝም።

ሐኪሙ ሲያየው የልቡ ግድግዳ መወፈር ጀምሯል አለ። ግን ጊዜ አለ፣ በደህና ጊዜ ደርሳችኋል አለን። ወንዱ ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ይውጣል፤ የሚውጠው ወደ ሐይቁ ከመውረዱ በፊት ነው፤ ስህን ስልክ ደውላ «ዋጥህ?» ሳትለው ጀልባው አይነሣም። ሲጋራው አስቸገረው፤ ሁለት ጊዜ ተመልሶበት ሁለት ጊዜም ራሱ መጥቶ ነገረኝ። አሁን ከተወው ሁለተኛ ወሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ስህን ደግሞ አንድ ቅዳሜ ውጫሌ ሄዳ ወንድሟ ፊት ተቀመጠች። «በሽተኛዬ ነው ያልሁህ ውሸት ነበር፣ አያ» አለችው፣ ቀና ብላ እያየችው። አንዳርጋቸው እጅጌውን እየጠቀለለ «ለመሆኑ እኔን ለክተሽኝ ታውቂያለሽ?» አላት። የወሎ ወንድ ሲታረቅ እንዲህ ነው፤ ታርቄያለሁ አይልም። የአንዳርጋቸው ግፊት ሲለካ ደህና ነው። ወገቡን ለማስለካት ሲዞር ግን ሜትሩ አልበቃውም አሉ።

በሦስተኛው ወር ወንዱ ለቀጠሮው መጣ። እኔ ለካሁት። ስህን ከኋላዬ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በዓይኑ ፊት ቆማለች፤ ሆን ብላ ነው። እሱም ዓይኑን አልነቀለም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አየሩን ለቀቅሁ። መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ ሁለት።

«ቀነሰ» አልሁት። 

«ወይ ጉድ!» አለ ወንዱ። «ይህን ወንድሟ ቢሰማ ፍቅሩ ቀነሰ ይላል።»

ስቀን ስቀን ዓይናችንን ጠረግን። የቀረው ወገቡ ነው። መዝገቡን ከፍቼ ብዕሬን አዘጋጀሁ። ወንዱ እንደለመደው የሜትሩን ጫፍ እምብርቱ ላይ ይዞ፣ ሊዞር አንድ እግሩን አነሣ። ሌላውን ጫፍ ከእጄ የወሰደችው ስህን ናት።

«ዙር» አላለችውም።

«ቁም» አለችው። አንድ እርምጃ ተጠጋችና ሁለት እጇን በወገቡ ዙሪያ አሳልፋ ሜትሩን ከኋላው ተቀባበለችው። ዓሣ ይሸታል፤ አልራቀም። እሷም አልራቀችም። ግንባሯ ደረቱ ላይ፣ ያን ሁሉ ሳምንት ስንለካው የከረምነው ልብ ካለበት ላይ፣ ቀስ ብሎ አረፈ።

እኔ ብዕሬን ይዤ ቁጥሩን ጠበቅሁ። ቁጥሩን የነገረኝ የለም።